ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ

ማውሱን ወደ ቀኝ ስስበው አቃቂ ቆሞ ያስባል፤
ሦስት ቆጥሬ ስጨርስ አንድ ጋት ይሳባል።
ሞዴሉን ጠረጠርኩ፤ ከጉድጓዶቹ ግማሹን ጣልኩ፣
ጥላውን አጠፋሁ፣ ቀለሙን ቀነስኩ፤
ያው ነው።
አማካሪዬ «ሌላ ማሽን ግዛ» አለኝ። በምን ብር?

ሌሊት ስምንት ሰዓት በጥቁሩ መስኮት ሊኑክስን ጠየቅሁት፦
ማነው የሚሥለው?
ፕሮሰሰሩ፣ አለ፣ ብቻውን።
ከርነሉን ያደስኩ ዕለት ድራይቨሩ ቀርቶ
ለካ ካርዱ ተኝቷል፤
ይሄ ምስኪን የሰው ሥራ ደርቦ
በማራገቢያው ያቃስታል።

ጫንኩት፤ አጥፍቼ አበራሁ።
አቃቂ እንደ እንዝርት ሾረ፣
የከርሰ ምድሩ ውሃ ሰማያዊ፣ ሙሉ፣ ከነንብርብሩ።

ለሰው ልናገር በሩን ከፈትኩ።
እታፈራሁ ደረጃው ላይ፣ ሁለት ቢጫ ጀሪካን ታቅፋ፣
«መጣ እንዴ?» አለችኝ።
«መጣ» ልላት ትንሽ ቀረኝ።