ልብ በል

ፈረቃዬን ጨርሼ፣ አውቶቡሴን አስረክቤ፣
በዊኒፔግ የጥር ውርጭ ካፖርቴን ደርቤ፣
ለሠላሳ አምስት ዶላር ጭንቅላቴን ላከራይ
ከዩኒቨርሲቲው ምድር ቤት ወረድኩ።

ተማሪዋ ኦክሳና ትባላለች፤ እጇ ቀዝቃዛ።
ሽቦ የበዛበት ቆብ አጠለቀችልኝ፣
በየቀዳዳው ዝልግልግ ቅባት እየሞላች፣
በየቀዳዳው «ይቅርታ» እያለች።

«ፊቱን ብቻ ተመልከት» አለችኝ፣
«ድምፁ አንተን አይመለከትህም።»

ፊት መጣ፤ የማላውቀው ሰው፣ እስከ ጆሮው የሳቀ፤
ድምፅ መጣ ከኋላው፣ ሲቃ የተናነቀ።
ጥርስ ባዳ ነው ይባል የለ?
እኔ ግን ታዝዣለሁ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ
«ደስተኛ» የሚለውን ቁልፍ ተጫንኩ።
መጫኑንስ ተጫንኩ፤
ጣቴ ግን ጥቂት ተንተባተበ።

ከዚያ ተገለበጠ፦ «አሁን ድምፁን ብቻ።»
ይህማ የኖርኩበት ነው! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ
ዓይኔ ከበረዶው ላይ፣ ጆሮዬ ከኋላ፤
ማን ጠጥቶ እንደገባ፣ ማን ከማን እንደተጣላ፣
ማን በስልኩ እንደታጨች፣ ማን መርዶ እንደሰማ፣
ዞሬ ሳላይ አውቃለሁ፣ ከድምፁ ዜማ።
አንድም አልሳትኩ። ኦክሳና ገረማት።

በዕረፍቱ ስክሪኑን አዞረችልኝ፦
የተሸበሸበ መስመር፣ የጭንቅላቴ ነው አሉ።
«እዚህ ጋ» አለች በእርሳሷ ጫፍ፣
«ዓይንህና ጆሮህ ይገናኛሉ፣ ለሁለቱም ልብ ስትል።
ለአንዱ ብቻ ስትል፣ ሌላው ደጅ ይጠናል፤
አንዳንዴ ሾልኮ ይገባል፣ አንዳንዴ...»
ትከሻዋን ሰበቀች። «ገና አናውቅም።»

(ልብ አላለችም እሷ። እሷ የምታወራው ስለ አንጎል ነው።
ልብ ያልኩት እኔ ነኝ፤
በእኛ ቋንቋ ያለ ልብ ማስተዋል የለማ።)

እዚያው ወንበር ላይ፣ ሽቦው እንደተሰካ፣
ማክሰኞ ማታ መጣብኝ።
ፔምቢና መንገድ ላይ፣ መስታወት የመሰለ በረዶ፤
ልጄ ኤልዳና ከኋላዬ ወንበር፣ ቦርሳዋን ታቅፋ።
«ቮሊቦሉስ? ተመረጥሽ?»
«ምርጥ ነበር አባ!»
ድምፁ ሙሉ ነበር፣ ስንጥቅ የሌለው፤
እኔም ሰማሁ፣ ደስ አለኝ፣ ፍሬን ያዝኩ።

ከግንባሬ በላይ፣ ከአንድ ክንድ ባነሰ፣
መስታወቱ ውስጥ አገጯ ይንቀጠቀጥ ነበር።
አይቼው ኖሯል። ሦስት ቀን ሙሉ
ደጅ ሲጠና የከረመ ፊት።

ኦክሳና «አትንቀሳቀስ፣ መስመሩ ዘለለ» አለች።

ስወጣ ቅባቱ ጠጉሬ ላይ በረዶ ሠራ፤
በሌላ ሰው አውቶቡስ፣ ተሳፋሪ ሆኜ፣ ቤት ገባሁ።
ቴሌቪዥኑን አጠፋሁ። ወንበር ስቤ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ።
«እስኪ ያን ቮሊቦል እንደገና ንገሪኝ።»

«ጠጉርህ ምን ሆኖ ነው?» ብላ ሳቀች።

አልመለስኩም።
ሳቁ ከፊቷ እስኪደርስ ጠበቅኩ።