ሲሶ አራሽ

ጦሳ ጉሙን ደርቦ፥ ደሴ ሳትነቃ፣
መብራቱ ሳይሄድብኝ፥ ባትሪዬ ሳያበቃ፣
ሆጤ ዳገቱ ላይ፥ በኪራይ ክፍሌ ውስጥ፣
ኮድ እጽፋለሁኝ፥ ጋቢዬን ሳልገልጥ።

ሥራዬ ምን መሰለህ?
የባቲን ገበያ፥ የሰኞን ግርግር፣
ስልክ ውስጥ ማስገባት፥ ዋጋውን በብር፤
የሙክት፥ የጊደር፥ የግመል፥ የማሽላ፣
ከሐርቡ የሚነሣ ነጋዴ፥ በከንቱ ወርዶ እንዳይጉላላ።
ሙህዬ ደላላው፥ ከግመል ተራ ዳር፥ ይደውልልኛል፤
«ጻፍ፥ ወጠጤው ወርዷል፤ ሙክቱ ጨምሯል።»

ታዲያ ይህ ሁሉ ዘር፥ የሚዘራው የት ነው?
የእኔ መሬት የለም፤ መሬቱ የሰው ነው፤
ባሕር ማዶ ያለ፥ ስሙን የምታውቀው፣
ስልክህን ስትከፍት፥ ፊት የምታገኘው።
ፖስታው የእሱ፥ ካርታው የእሱ፥ ገበያው የእሱ፣
መንገድ ቢጠፋህም፥ የምትጠይቀው እሱኑ።

አያቴ ወረባቦ ላይ ጭሰኛ ነበረ፣
ሲሶውን ለጌታው ሰፍሮ፥ በቀረው ያደረ።
ይሄም ባለ መሬት፥ ከመቶ ሠላሳ ነው የሚለው፣
ሳሰላው የአያቴ ሲሶ ነው፥ ጥቂት ቢጎድለው።

እኔ ግን በአያቴ እቀናበታለሁ።
ሲሶውን ልክፈል ብዬ፥ ፎርሙን ሞላሁ፤
«አገርህን ምረጥ» አለኝ።
ዝርዝሩን በጣቴ ስወርድ፥
ከኢስቶኒያ ዘሎ፥ ፊጂ ላይ አረፈ።
ገባር ለመሆን እንኳ፥ ስሜ ከመዝገብ አልተጻፈ።

እንግዲያው በነፃ ይሁን አልኩ።
መመዝገቢያው ብቻ፥ ሃያ አምስት ዶላር፥ በካርድ።
ጦይባ እህቴ፥ ጅዳ፥ የሰው ቤት ስትጠርግ ካጠራቀመችው፣
«ወንድሜ ሰው ይሁን» ብላ ከፈለችው።

ስምንት ወር ሠራ። አራት መቶ ሰው ያየው ነበረ።
አንድ ሐሙስ ማታ፥ ደብዳቤ መጣና፥ በሩ ተቀረቀረ፦
«አካውንትህ፥ ከታገደ ሌላ አካውንት ጋር ዝምድና አለው።»
ዝምድና!
ወሎ ላይ በዝምድና ሰው ይታገዳል?
አንዱ አጎቴ ቄስ፥ አንዱ አጎቴ ሼህ፥ በአንድ ግቢ ያድራል።
ምናልባት እብሬ ሱቅ፥ መብራት የጠፋ ዕለት፣
በእሱ ኮምፒውተር ገብቼ ይሆናል፥ ለአንድ ሰዓት።

አያቴ ሲበደል፥ በግ ጎትቶ ይሄድ ነበር፣
ወር ይሁን ሁለት ወር፥ ከጌታው ደጅ ይከርም ነበር፣
ጌታው በበቅሎ ሲወጣ፥ «አቤት!» ይል ነበር።
እኔስ ደጅ ልጥና፥ ደጁ ወዴት ነው?
በረኛውም ማሽን፥ ዳኛውም ማሽን ነው።
አቤቱታ ላክሁ፤
በአራት ደቂቃ፥ «በጥንቃቄ መርምረናል» የሚል መልስ አገኘሁ።
በአራት ደቂቃ፥ ደሴ ላይ፥ ሻይ እንኳ አይፈላም።

አባቴ ሲመርቁኝ፥ «የሰው ፊት አያሳይህ» ይሉኝ ነበር።
ደረሰልኝ ምርቃቱ።
ይኸው፥ ፊት የሚባል ነገር የለም።

«እርገመው እንጂ!» ይላል እብሬ፥ ሲናደድልኝ።
መርገሙ ይከብደኛል፤
ሌሊት ሌሊት፥ ያለ ክፍያ፥ ያስተማረኝ ማን ሆነና?
ፊደሌንም ሠርቶ ሰጥቶኛል፥ «ጰ»ን እንኳ ሳይረሳ።
ካርታው ላይ ግን የእናቴ መንደር
ባዶ አረንጓዴ ነው፤ ቤትም፥ አጥርም፥ ውሻም የለበት።
እዚያ ተወልጄ አድጌ፥ እኔ ራሴ ተጠራጠርሁት።

ታዲያ ምን አደረግሁ? ልንገርህ፥ አትፍረድ፦
በጦይባ ስም፥ ሌላ ኢሜይል፥ ሌላ ሃያ አምስት ዶላር።
ተመልሼ ገባሁ፥ ያው እርሻ ውስጥ።
ኮዱን ግን በፍላሽ ገልብጬ፣
በእናቴ ሣጥን፥ ከበርበሬው ዘር ጎን፥ በጨርቅ ጠቅልዬ አኑሬያለሁ፤
ለምን እንደሆነ አላውቅም። ዘር አይጣልም፥ ይላሉ እሷ።

ዛሬ ሰኞ ነው። እስካሁን ሦስት ሰው አውርዶታል።
አንደኛው፥ አንድ ኮከብ ሰጥቶ፥ እንዲህ ሲል ጽፏል፦
«የግመል ዋጋ የታለ?»

እውነቱን ነው።
ለሙህዬ ልደውል።