ሦስተኛው ሲሊንደር

ድሮ የአዘዞ ሚኒባስ ልብ ነበር፤ ዳገት ያወጣ፣
ስንቱን ገበያተኛ ከነዶሮው ጭኖ የመጣ፤
አሁን በብረት እግር ቆሞ፣ ጎማ የለው፣ ወንበር የለው፣
የእኛ የአሥራ አንደኞች እጅ ነው ሆዱን የሚከፍተው።

መምህር አዛናው ጌጁን ጠረገው በጋዋኑ ጫፍ፤
«መጀመሪያ እጃችሁ ይናገር፣ ከዚያ ይናገር አፍ።»

አራት ካንዴላ ተፈትቶ በጨርቅ ላይ ሲደረደር፣
እኔ ቀድሜ ፈረድኩ፣ ገና ቁልፉ ሳይዞር፦
«ቀለበቱ ነው ያለቀው፤ ከድምፁ ያስታውቃል፤
አባቴ በጆሮው ብቻ የስንቱን በሽታ ያውቃል!»

ሲራክ ቁልፉን አዞረ። ባንችአምላክ አነበበች፦
«አሥራ አንድ... አሥራ አንድ ተኩል...» ሦስተኛው ላይ ዝም አለች።
«ስድስት።»

ጣራው ቆርቆሮ ነው፤ ዝምታ እንኳ ያስተጋባል።
«አላልኩም?» አልኩ፤ «ቀለበት ሲያልቅ እንዲህ ይላል!»

ሳትመልስልኝ አንድ ማንኪያ ዘይት ቀዳች፣
በካንዴላው ቀዳዳ ቀስ አድርጋ አንጠባጠበች፤
«ቀለበት ከሆነ ዘይቱ ይደፍነዋል፤ ቁጥሩ ይነሣል» አለች።

ሲራክ ደግሞ አዞረ።
መርፌው ተነሣ፣ ተንቀጠቀጠ፣
እዚያው ስድስት ላይ አደረ።

ቫልቭ ነው እንግዲህ። ማንም አልሳቀብኝም፤
መምህሩም «ጻፈው» አለኝ እንጂ «ተሳስተሃል» አላለኝም።
ጻፍኩት። ከጎኑ የጣቴ ጥቁር አሻራ አለ፤
በደብተሬ ውስጥ ከሰሌዳ ያልቀዳሁት ገጽ
ይኸ ብቻ ነው።

ማታ ከማራኪ ወደ ፒያሳ ስንወጣ ዳገቱን፣
ታክሲው ሳል ጀመረው። ሹፌሩ ረገመ ነዳጁን፤
ረዳቱ «ካንዴላ ነው» አለ፤ አንድ ሽማግሌ «ብርዱ፣ አየሩ»፤
እኔ አፌን ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁት፣
ከዚያ ጠየቅሁ፦
«ለክታችሁታል? ስንት ነው ቁጥሩ?»