የማይጮህ ብር

አባቴ ሙሄ ይመር ቆዳ ነጋዴ ነው፤
ብርን በዓይኑ አይደለም፣ በጆሮው ነው የሚያምነው።
ሰኞ ገበያ ዳር፣ ከክምሩ አጠገብ፣
አንዲት ጥቁር ድንጋይ ነበረችው ለገንዘብ፤
ጠገራውን ጥሎ፣ አንገቱን ዘንበል አርጎ፣
ጩኸቱን ይሰማል ትንፋሹን ሸሽጎ።
«ካልጮኸ እርሳስ ነው፤ ሂድ፣ ሌላ ሰው አሞኝ።»

ጥልያን ሊሬ አመጣ። ወረቀት ነው፤ አይጮህም።
«ውሰድ» አሉት በጥፊ። ወሰደ። አላመነም።
ጥልያኑ ሲወጣ፣ እናቴ ዘሀራ
በዱቄት ሙጫ አርጋ፣ ተራ በተራ፣
ከጓዳው ግድግዳ፣ ነፋስ በሚገባበት፣
የሮማን ወረቀት ለብርድ ለጠፈችበት።

ሺልንግ ደግሞ መጣ በእንግሊዝ ካሚዮን።
«እሱስ ይጮኻል» አለ፣
«ግን በሰው አገር ቋንቋ ነው።»

በሠላሳ ሰባት፣ ሐምሌ ሲከብድ፣
ጦሳ በጉም ታስሮ፣ ቦርከና ሲንጎደጎድ፣
አዲስ ብር ወረደ ከሸዋ በመኪና፤
ወረቀት። ያው ዝምታ። ግን ፊደል አለውና
ጠራኝ፣ «አንብብ» አለኝ። ፊደል ከቆጠርሁ
ሰባተኛ ወሬ ነው፤ በጣቴ ተከተልሁ፦
«አንድ... የኢት... የኢትዮጵያ... ብር።»
እንደ ጠገራው ቀን አንገቱን ዘንበል አርጎ፣
ሰማኝ፣ ጆሮው ካፌ፣ ትንፋሹን ሸሽጎ።

«ከታችስ?» ፊርማ ነው። አየሁት አጎንብሼ፤
«የፈረንጅ ነው» አልሁት ድምፄን አሳንሼ።
«ፊደሉ የኛ ነው፤ ፈራሚው የሰው አገር።
ታዲያ ይኼ የማን ነው?»
                    አልመለስሁም ነበር።
(ዛሬም ብትጠይቁኝ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ።)

ጦይባ ብቅ አለች ከገራዶ በኩል፣
ቅቤዋን ጠቅጥቃ በጢስ በታጠነ ቅል።
አባቴ ወረቀቱን ሰጣት እያፈረ፤
እንደሚያታልል ሰው ዓይኑን ሰበረ።
እሷ ግን አልጠየቀች። በአራት አጠፈችው፣
ከመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ ደበቀችው፤
«ብር ካሉት ብር ነው» ብላ ቁልቁል ወረደች።

ሰኞ ዞሮ መጣ።
ኮርቻ ሰፊው አደም አንድ ቆዳ አንስቶ፣
ከፈለው ለአባቴ ከደረት ኪሱ አውጥቶ፤
አራት ቦታ ታጥፎ፣ ጥጉ ወዝ የጠጣ፣
ያው ነው፤ በስንት እጅ ዞሮ እንደመጣ!
አባቴ ድንጋይዋን ጨርሶ አላያትም፤
ወረቀቱን አፍንጫው ድረስ አስጠጋ፣ ዝም።
ቅቤ። የጦይባ ቅቤ። የቅሏ ጢስ ጭምር።
«ይኼስ» አለ፣
      «ገበያ የዋለ ነው።»
ፊርማውን ወደ ውስጥ አጥፎ ከብብቱ ከተተው።

ድንጋይዋ ዛሬ በር ታስደግፋለች።
ነፋስ በሩን ሲገፋው፣ አንዳንዴ ትጮኻለች።