ረጋ

እኔ ሰዓት ያዥ ነኝ፣ በኪርያት ጋት አዳራሽ፤
ጠረጴዛዬ አንካሳ፣ ወንበሬ አሮጌ፣ ፈራሽ።
ቀን ፓስታ አሽጋለሁ በፋብሪካው መስመር፣
ማታ ጊዜ እመነዝራለሁ በአንዲት ቀይ አዝራር።
የፉትሳል ሰዓት እንደ ቤት ሰዓት አይደለም፤
ኳስ ስትወጣ ይቆማል፣ ሰው ሲወድቅ ይቆማል፣
ዝም ብሎ አያረጅም።

እህቴ ጠጂቱ ይህን ስነግራት ሳቀች፤
«ያኔ ሱዳን ሳለን ይህች አዝራር የት ነበረች?»
ሌላ አልጨመረችም። ሽንኩርቷን ከተፈች።

ኳሷ ትንሽ ናት፣ ከባድ፤ ብትጥላት አትነጥርም፣
እግር ሥር ትተኛለች እንጂ ሰማይ አትመኝም።
አምስት ለአምስት ናቸው፤ መደበቂያ የለ፣
ወዲያው ይታወቃል የደከመ እግር፣ ልቡ የዋለለ።
ዳኛው ጣቱን ያነሳል፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤
ከአራት ሰከንድ በላይ ኳስ ይዞ ማሰብ ጥፋት።
(እኔ አንዲት ደብዳቤ ለመመለስ
ሰባት ዓመት አስቤያለሁ፤
ማንም ፊሽካ አልነፋብኝም።)

የዛሬው የመጨረሻው ነው። ካሸነፍን እንቀራለን፣
አቻ ከወጣን ከትልቁ ሊግ እንወርዳለን።
«እን» አልኩ ይኸው፤ ሰዓት ያዥ «እኛ» ማለት አይገባውም፣
ግን ሰባት ቁጥሩ ኤልዳድ የጠጂቱ ልጅ ነው፤
ምላስ አጥንት የለውም።

ሦስት ለሦስት። ሠላሳ ስምንተኛው ደቂቃ።
በረኛው ስታስ ወጣ፣ አምስተኛ አጥቂ ገባ፤
ጎላችን ባለቤቱ እንደ ረሳው ቤት
ወለል ብሎ ቀረ።
አሰልጣኙ ኒሲም ከመስመር ዳር «ሬጋ! ሬጋ!» ይላል፤
በዕብራይስጥ ቅጽበት ነው፣ «አንድ አፍታ ቆይ» ማለት ይሆናል።
እኔ ግን ሃያ ስምንት ዓመት ኖሬም ጆሮዬ አልለመደም፣
«ረጋ በል» ያለኝ ይመስለኛል፤
እረጋለሁ፤ ቅጽበቷ ግን አትረጋም።

ሁለት ሰከንድ ሲቀር ኳሷ ከመስመር ወጣች፤
ተጫንኩ። ቆመ። ከተማዋ በሙሉ
በአንድ ቀይ አኃዝ ላይ ተንጠለጠለች።
ያኔ ተሰማኝ የጣቴ ክብደት።
የሽፋሽፍት ርግብታ ያህል ብትዘገይ ማን ያያታል?
«ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል» ይባላል፤
ዛሬ ጊዜ ሰጪው እኔ ነኝ፤
ቅሉም የእህቴ ልጅ፣ ቆሞ ይጠብቀኛል።

ተመታች። ለቀቅኩ።
ጥሩምባው ጮኸ፤ ኤልዳድ በጫማው ጫፍ ጎነተላት፣
መረቡ ተነፋ፣ አዳራሹ ተነሳ፣ ከበሮው አበደ።
ደንቡ ግልጽ ነው፦ ጥሩምባ ሲጮህ ኳስ ወደ ጎል ከበረረች
መድረሻዋ ይጠበቃል፤
ከእግር ሥር ካለች ግን ያኔውኑ ሞተች።
ዳኛው መጣ፣ አጎንብሶ በጆሮዬ ጠየቀኝ፦
«ከጥሩምባው በፊት ነው የመታት ወይስ በኋላ?»
ሰው ሁሉ አየኝ።

«በኋላ» አልኩ።

ማንም አልሰደበኝም፤ የከፋኝ እሱ ነው።
ስታስ ጓንቱን ፈለገ፤ ጓንቱ እጁ ላይ ነው።
አንድ ልጅ ከበሮውን በጃኬቱ ጠቀለለ፣
እንደ ታመመ ጠቦት አቅፎት ወጣ።

አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ኤልዳድ ከጎኔ ተቀመጠ፤
የሱፍ ፍሬ ዘገነልኝ፤ ዝም ብለን ፈለፈልን።
«አጎቴ፣» አለ በተሰበረ አማርኛው፣ «በዓይንህ አየህ?»
«አላየሁም። ዓይኔ ሰዓቱ ላይ ነበር፤
ሰማሁ እንጂ፦ መጀመሪያ ጥሩምባው፣
ከዚያ ጫማህ።»
ራሱን ነቀነቀ። ቅርፊቱን ተፋ።
በታችኛው ሊግም ሰዓቱ ያው ሃያ ሃያ ነው።

አውቶቡሱ ሲመጣ የጫማው ክር ተፈታ፤
«ሬጋ» አለና ጎንበስ አለ።
እጄን በበሩ መሐል አስገባሁ፤ ሹፌሩ አጉረመረመ፣
በሩ ተንቀጠቀጠ፣ ቢፕ ቢፕ አለ፤
ልጁ ቀስ ብሎ ያስራል።
ይህችን ያህል ማቆም
ማንም አልከለከለኝም።