የአዌቱ ድንጋይ

የአዌቱ ድንጋይ፣ ክረምት ያዳልጣል፤
ዛሬ ብትፍቀው፣ ነገ ልሃጩ ይመጣል።
ልጅ ሆኜ ልሻገር ስል፣ ጉልበቴ ተላጠ፤
«ምንድነው ይሄ ሙጫ?» ስል፣ ታላቄ ሳቀና ሮጠ።

ጥያቄው ግን አልሮጠም።
አብሮኝ ፊደል ቆጠረ፣ አብሮኝ ነጭ ጋውን ለበሰ፤
ምድር ቤት ካለው ላብራቶሪ፣ ከእኔ ጋር ደረሰ።

ተማም አባ ዱራ፣ የሂርማታው ጠራቢ፣
ዋንዛ በመዳፉ መትቶ፣ የውስጡን ድምፅ አንባቢ፤
ከአንድ ግንድ ሦስት እግር፣ ያለ ምስማር የሚያወጣ፣
በሁለቱ መቆም አቅቶት፣ በሰው ትከሻ መጣ።

ባጃጅ ገጨው ካቻምና፤ ቅልጥሙ ሁለት ሆነ፤
ስድስት ቡሎን ባለው ብረት፣ ታሰረ፣ ተከደነ።
ብረቱ አጥንቱን ያዘ።
ብረቱን ደግሞ ሌላ ያዘ።
ለረመዳን ቁስሉ ይደርቃል፣ ለዐረፋ ይፈነዳል፤
መርፌ ሲያገኝ ጋብ ይልና፣ ሲያልቅበት ይነዳል።

ወረቀቱን የፈረምኩት እኔ ነኝ።
«ይህ መድኃኒት ይገድለዋል» ይላል፤ ስሜ አለበት፤
አልዋሸሁም፤ ሳህኔ ላይ፣ ሞቷል በአንድ ሌሊት።
ግን በሳህን የሞተው፣ ብቻውን የዋኘው ነው፤
ብረት ላይ የሰፈረው፣ ቤት ሠርቶ ነው የሚኖረው።

መጀመሪያ አንዱ ይለጠፋል። ጎረቤት ይከተላል።
በሽታ የሚባለውን ያህል፣ ገና ምኑም አልደረሰም።
ያንሾካሹካሉ፤ «ስንት ሞላን?» ይባባላሉ፤
ቁጥሩ ሲሞላ ብቻ፣ ልሃጩን ይተፋሉ፣
ጣሪያውን፣ ግድግዳውን፣ የውኃ ቦዩን ያቆማሉ።
ከሥር ደግሞ የተኙ አሉ፤
አይበሉ፣ አያድጉ፣ አይወልዱ፤
መድኃኒት ሠራተኛ ነው የሚያድነው፣
የተኛ ቤት አያልፍም መንገዱ።

«ድር ቢያብር» እያልን፣ እኛ ስንተርት ኖረናል፤
እነሱ አንድ ቀን ሳይተርቱ፣ ጠራቢ አስረዋል።

እኛስ?
ቀዶ ሐኪሟ ዶክተር ፀዳለ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፤
ነጂብ ከመድኃኒት መስኮቱ ወዲያ፣ ሳንተያይ፤
እኔ ከምድር ቤት፣ መብራት በሄደ ቁጥር
ለኢንኩቤተሬ የምጸልይ፣ የጄኔሬተር ድምፅ የምቆጥር፤
ሁለት ዓመት በወረቀት ተላላክን።
ጀርም የሚያወራውን ያህል፣ አላወራንም።

አንድ ማክሰኞ፣ የጥቅምት ዝናብ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጥ፣
ዶክተር ፀዳለ ጠራችን፤ በአንድ ጠረጴዛ ስንቀመጥ
ተማምም ከመሃላችን ነበር።
ላስረዳው ገና ስጀምር፣ ስለ ሙጫው፣ ስለ ቤቱ፣
ሳቀብኝ፤ ጠረጴዛውን መታ፣ እንደ ዋንዛ፣ በብርቱ፦
«ነቀዝ በበላው እንጨት ላይ፣ ቫርኒሽ ስትቀቡ ከረማችሁ!
እኔ ብሆን እስከ ጤናው፣ በጠረብኩት። ማን ከለከላችሁ?»

ማንም አልመለሰለት። ነጂብ መነጽሩን ወለወለ።

ብረቱ ወጣ፤ አጥንቱም ተፋቀ፣ ደም እስኪያሳይ ድረስ።
በጠርሙስ ሆኖ ወረደልኝ፣ እንደ ተያዘ ሌባ እየተሸፈነ፤
በድምፅ ሞገድ አራገፍኩት፤
ሐምራዊ ቀለም ነክሬ፣ ዓይኔን ከማጉያው አስጠጋሁ፤
የአዌቱ ድንጋይ ነው፣
በጥፍር ልክ።

ከዚያ ስድስት ሳምንት፣ ሁለት ዓይነት መድኃኒት፤
ሲስተር አመለወርቅ ሰዓት ስትጠብቅ፣ ቀንና ሌሊት።
አንዴ ኩላሊቱ አጉረመረመ፤ ነጂብ መጠኑን ቀነሰ፤
አንዴ እሱ ራሱ አኮረፈ፣ ምግቡን መለሰ።

ትናንት በምርኩዝ መጣ፤
ቁስሉ ቀጭን ነጭ መስመር ሆኗል፤
ቅጹን ሞላሁ፤ «ደርቋል» አልኩ።
«ድኗል» ከሚለው ሳጥን ላይ፣ እስክሪብቶዬ ቆመ፤
«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለኝ።
«ክረምቱን» አልኩት። ገባው መሰለኝ፣
ምርኩዙን አንኳኳ፤ የእንጨቱን ድምፅ አዳመጠ።

ማታ በድልድዩ ሳልፍ፣ አዌቱ ጎድሏል፤
የልጅነቴ ድንጋይ፣ ፀሐይ መትቶት ነጥቷል፣ ደርቋል።

አልረገጥኩትም።