ዓይን አውጣ

ወንድሜ ስንሻው ከሰው ጋር ሲያወራ
ዓይኑ መሬት ይወርዳል፤
ከእግሩ ጣት አጠገብ
የወደቀ መርፌ የሚፈልግ ይመስላል።

ሞላሌ ላይ ይህ ጨዋነት ነው፤
የአዳማው ቀጣሪ ግን በቪዲዮ ሲያየው
«ምን ደብቆ ነው?» ብሎ አለፈው።

እኔ ነኝ ያገኘሁለት፣
«ዓይን አስተካክል» የሚለውን ቁልፍ
በስልክ እየመራሁ ያስበራሁለት።
ወደ ታች ቢያይ፣ ወደ ጎን ቢሸሽ፣
ማሽኑ ብሌኑን ነቅሎ መሀል ይተክላል፤
ስንሻዬ ፊት ለፊት ያያል።
ሌላው ቀጣሪ ወደደው።
ቁልፉን ግን ማናችንም አላጠፋነው።

ታኅሣሥ ላይ ሽማግሌ ተቀመጠ።
ነገሩ የባሕር ዛፍ ነው፤
አርባ ሁለት እግር፣ ካጎቴ ደምሰው ጓሮ
ባለቤቱ ሳይጠየቅ የተሸጠ፣
ኮምፒውተር ሆኖ አዳማ የተቀመጠ።

ስልኩን ቁና ላይ አስደግፌ አቆምኩ፤
ኔትወርኩ እንዲገባ በሩን ከፈትኩ፤
ብርዱ ቀድሞ ገባ።

ስንሻው መጣ። አንገቱን ደፋ።
«አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ» አለ፣
ድምፁ ጉሮሮው ውስጥ እየጠፋ።
ትከሻው ወርዷል፣ ግንባሩ ተደፍቷል፤
ዓይኑ ግን፣ ዓይኑ እንደ ሚስማር
አጎቴ ፊት ላይ ተመቷል።

«እዩት!» አለ ደምሰው ከዘራውን አንስቶ፣
«ዓይን አውጣ! ይቅርታ ሲለምን እንኳ
ያፈጥጥብኛል!»
ባሻ ገብረጻድቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤
«ልጄ፣ እንጨቱንስ ወሰድክ፤
ዓይንህን እንኳ መልስ እንጂ።»

ምን እንዳጠፋ አልገባውም።
ይበልጥ አጎነበሰ።
ባቀረቀረ ቁጥር አፈጠጠ፣
ባፈረ ቁጥር ደፈረ።

ዘልዬ ስልኩ ላይ ተደፋሁ፤
«ስንሻው፣ ጨፍን!»
ጨፈነ።
ማሽኑ የሚያቀናው አጣ።
ሁለት ቆብ ብቻ ቀረ፣ የቀላ፣
ጠርዙ ላይ ውሃ ያቆረ።
ቤቱ ዝም አለ። አንዱ ሳለ።

ስለ ቁልፉ ላስረዳ ሞከርኩ፣ ተንተባተብኩ።
ባሻ እስከ መጨረሻው ሰሙኝና
«በውሰት ዓይን ይቅርታ አለ እንዴ?» አሉ፣
ለእኔ ይሁን ለእሱ ሳይለዩት።

ደምሰው ከዘራውን አስቀመጠ።
አልታረቀም።
«ማክሰኞ የደብረ ብርሃኑን መኪና ይዞ ይምጣ፤
የሚሸከመውን ድንጋይ እኔው መርጬ
ደጃፌ አኖርለታለሁ።
የገዛ ዓይኑን ይዞ ይምጣ።»

ስልኩ ጠፋ።
ጥቁሩ መስታወት ላይ የራሴ ፊት ወጣ፣
ቁልፉን ያገኘችው፣ «አብራው» ያለችው።
ቀጥ ብዬ ላያት ፈለግኩ።
ስልኩን በግንባሩ ደፋሁት።